ሼዱ በዘጠኝ ወር አለቀ፣ ቤቱስ? የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንደ ጉዳይ ጥናት

ለምን ሐዋሳ

ስለ ከተማ ፕላንና ስለ ተመጣጣኝ ዕድገት ሲወራ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ ወይ አዲስ አበባ ላይ ይቀራል ወይ ደግሞ ውጭ ሀገር ይሄዳል። ለእኔ ግን ከሐዋሳ የተሻለ መማሪያ ያለን አይመስለኝም። እዛ የተሞከረው ነገር ግልጽ ነበር፣ ሥራ ከአዲስ አበባ ውጭ ይፈጠር፣ የገጠር ወጣት አዲስ አበባ ወይ ዓረብ ሀገር ከሚሄድ ቤተሰቡ አካባቢ ሥራ ያግኝ፣ መካከለኛ ከተሞችም ይደጉ ነው የተባለው። ሐሳቡ ላይ የሚጣላ ሰው የለም። ጥያቄው ሲሠራ ምን ሆነ የሚለው ነው።

የሰው ስም አልጠራም፣ ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። ፓርኩን ለማጣጣል የተጻፈም አይደለም፣ ጥሩ የሠራው ነገር አለ፣ እንደውም ጥሩ የሠራውና ያልሠራው ጎን ለጎን ስለሚታይ ነው ጉዳዩን የመረጥኩት።

ከፓርኩ በፊት

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከብዙ ከተሞቻችን በተለየ ከመጀመሪያውም በፕላን የተቆረቆረች ናት፣ መንገዷ ሰፋ ያለ፣ ሜዳ ስለሆነች ለእግርም ለሳይክልም የምትመች፣ ባጃጅ እንደልብ የሚገኝባት። የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ስትሆን ቢሮውና ሠራተኛው መጣ፣ ዩኒቨርሲቲው አደገ፣ ሐይቁን ተከትሎ ሆቴልና ሪዞርት በዛ። ወርክሾፕ ሐዋሳ ላይ ተካፍሎ የማያውቅ የኤንጂኦ ሠራተኛ ማግኘት ይከብዳል። ባጭሩ ከተማዋ የምትኖረው በመንግሥት ደሞዝ፣ በተማሪ፣ በእንግዳና በንግድ ነበር።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ የሕዝቡ ብዛት። በ1999ኙ ቆጠራ ከተማው ውስጥ የሚኖረው 157 ሺህ አካባቢ ነበር። ፓርኩ ሲመጣ ከዛ በጣም አድጎ ነበር፣ ቢሆንም ይቺ ቁጥር በኋላ ትጠቅመናለች። ሁለተኛ ሐይቁ። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣ ግን የለም፣ ስለዚህ የገባ ቆሻሻ እዛው ነው የሚቀረው። አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ የበላ ሁሉ ከዚህ ጉዳይ ጋር ይነካካል ማለት ነው። የቆዩ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ጉዳይም ከፓርኩ በፊት ጀምሮ ሲያነጋግር የኖረ ነው።

ምን ታቀደ

ፓርኩ ሐምሌ 2008 ተመረቀ። በቻይና ኮንትራክተር፣ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ወጪ፣ በዘጠኝ ወር ገደማ ነው የተሠራው። 52 ሼድ፣ ማለትም ተሠርቶ ያለቀ የፋብሪካ አዳራሽ። ለአንድ ዘርፍ ብቻ የተሠራ ነው፣ ጨርቃ ጨርቅና ልብስ ስፌት፣ ያውም ለኤክስፖርት። ኢንቨስተሩ መሬት ፍለጋ ወረዳ ለወረዳ ሳይንከራተት ሼዱን ተከራይቶ ማሽኑን ገትሮ ወደ ሥራ ይገባል፣ ጉምሩኩም ባንኩም ፈቃዱም እዛው ግቢ ውስጥ ያልቅለታል። ትልቁ መልሕቅ ኩባንያ ፒቪኤች ነበር፣ ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የሚባሉትን ብራንዶች የያዘው የአሜሪካ ድርጅት። እሱ ሲመጣ የእሱ አቅራቢዎችም ከእስያ ተከትለውት መጡ።

በሙሉ አቅሙ ሲሠራ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ነው የተባለው። እንግዲህ ቅድም ያልኳትን ቁጥር አምጧት። 157 ሺህ ሰው ተቆጥሮባት የነበረች ከተማ ውስጥ 60 ሺህ አዲስ ሠራተኛ፣ ያውም አብዛኛው ከከተማው ሳይሆን ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከጌዴኦና ከሌሎችም አካባቢዎች የሚመጣ። ይሄ ፋብሪካ መትከል ብቻ አይደለም፣ አንድ ሌላ መካከለኛ ከተማ አምጥቶ ከሐዋሳ ጎን ማስቀመጥ ነው። ያ ከተማ ግን ሼድ ብቻ እንጂ ቤት የለውም።

የተሳካው፦ ውሃው

ከተሳካው ልጀምር፣ ምክንያቱም ለምን እንደተሳካ ማየቱ ለቀሪው ይጠቅማል።

ጨርቅ ማቅለምና ማጠብ ውሃ ይበላል፣ ፍሳሹም መርዝ ነው። መውጫ የሌለው ሐይቅ አጠገብ እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ በራሱ እብደት ሊመስል ይችላል። መፍትሔው ፍሳሹ ከግቢው ጭራሽ እንዳይወጣ የሚያደርግ የማጣሪያ ጣቢያ መሥራት ነበር፤ በቀን 11 ሚሊዮን ሊትር የማጣራት አቅም ያለው፣ አብዛኛውን ውሃ አጣርቶ መልሶ ለፋብሪካዎቹ የሚሰጥ፣ የሚቀረውን ደግሞ አትንኖ ጨውና ደለሉን ለብቻ የሚያወጣ። ውድ ነው፣ መብራት ይበላል፣ የሚያንቀሳቅሰውም ሙያተኛ ይፈልጋል። ግን ከመጀመሪያው ቀን ፕላኑ ውስጥ ነበር። በጀት ነበረው፣ ኮንትራክተር ነበረው፣ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር፣ ገዢዎቹም ብራንዳቸው ሐይቅ በመበከል እንዳይነሳ ስለፈለጉ ገፍተውበታል።

ይሄን ያዙልኝ፦ በጀት፣ ባለቤት፣ ከውጭ የሚገፋ ጥቅም ያለው አካል። ሦስቱ የተሟሉለት ነገር በጊዜው አለቀ።

ችግሩ፦ ሠራተኛዋ የት ትደር?

መኖሪያ ቤት ከሦስቱ አንዱም አልነበረውም። ፓርኩን የሚያለማው የፌዴራሉ ኮርፖሬሽን ሥራው ሼድና መሠረተ ልማት ነው፣ ቤት የከተማው ጉዳይ ነው ይላል። ከተማው መሬት አለኝ እንኳን ቢል ገንዘብ የለውም። ኢንቨስተሩ እኔ ሸሚዝ ልሰፋ ነው የመጣሁት ይላል። ክልሉ ሰው መልምሎ ይልካል፣ የተላከችው ልጅ የት እንደምታድር ግን ምልመላ ቅጹ ላይ የለም። ማንም ክፉ አይደለም፣ ሁሉም በራሱ በኩል ልክ ነው፣ ልጅቷ ግን ፌስታሏን ይዛ መናኸሪያ ወርዳለች።

የሚቀጥረው ደግሞ በብዛት ከ18 እስከ 25 ያሉ ሴቶችን ነው፣ ብዙዎቹ ከገጠር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤተሰብ የተለዩ። በ2011 በወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የመነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር አካባቢ ነበር፣ በብር 750 ገደማ። ለግል ሠራተኛ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል በሕግ የለንም። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደሞዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፣ የወለሉ ቁጥር ግን ሳይወጣ ዓመታት አለፉ።

በዚህ ደሞዝ ሐዋሳ ላይ ብቻን ክፍል መከራየት አይታሰብም። ስለዚህ ሦስትም አራትም ሆነው አንዲት ሰርቪስ ቤት ይከራያሉ፣ አንድ ፍራሽ ላይ ሁለት ሆነው፣ አንዷ የቀን ፈረቃ አንዷ የማታ ከሆነች ደግሞ ፍራሿ ሳትቀዘቅዝ ትቀያየራለች። ሽንት ቤት ለግቢው ሁሉ አንድ ነው። አከራዩም በዚህ መሀል ያው ሰው ነው፣ ፓርኩ ሲከፈት ፈላጊ መብዛቱን አይቶ ኪራይ ጨመረ፣ ጓሮው ላይ በቆርቆሮ አንድ ክፍል ቀጠለ፣ ለሰው ቁጥር ጨምሪ ይላል። ኪራይ የጨመረው ደግሞ ለፋብሪካ ሠራተኛዋ ብቻ አይደለም፣ በዛው ሰፈር ለሚኖረው አስተማሪና ባጃጅ ነጂም ጭምር ነው። የማታ ፈረቃ ሲለቀቅ መንገድ ላይ መዘረፍና መለከፍ ነበር፣ ሰርቪስ መኪናው ዋናው አስፋልት ላይ ያወርዳታል፣ ቤቷ ግን መብራት የሌለው ጭቃ መንገድ ውስጥ ነው።

ይሄ ሁሉ ሄዶ ሄዶ ፋብሪካውን ራሱን መታው። በዛው ጥናት መሠረት ፋብሪካዎቹ በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኛቸውን ሙሉ በሙሉ የመተካት ያህል ሰው ይለቅባቸው ነበር። አንዲት ኦፕሬተር ላይኑን ለምዳ ፈጣን ለመሆን ወራት ይፈጅባታል፣ ልክ ስትለምድ ትለቃለች፣ አዲስ ትመጣለች፣ እንደገና ከሀ ሁ። ከዛ አለቆቹ የሐበሻ ሠራተኛ ዲሲፕሊን የለውም ይላሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ልጆቹ ሒሳብ ሠርተው ነው የሚሄዱት። ኪራይና ምግብ ተቀንሶ ለቤተሰብ የሚላክ ካልተረፈ፣ እቁብ እንኳን ካልተጣለበት፣ ገጠር ቤተሰብ ጋር መኖር ይሻላል። ወይ ደግሞ ዓረብ ሀገር፣ መጀመሪያ እንዳይሄዱ የታሰበው ቦታ።

ከተማው ምን አገኘ?

ይሄኛው ብዙ የማይወራበት ነው። ለኤክስፖርት የሚሠሩት ኩባንያዎች ለዓመታት ከትርፍ ግብር ነፃ ናቸው፣ ዕቃም ያለ ቀረጥ ያስገባሉ። ከሠራተኛው ደሞዝ የሚቆረጥ ግብር አለ እንዳንል በዛን ጊዜ ሕግ የመጀመሪያው 600 ብር ነፃ ነው፣ ከዛ በላይ ባለው 10 በመቶ ይከፈላል። 750 ብር የምታገኝ ልጅ 15 ብር ትከፍላለች። 30 ሺህ እንደዚህ ዓይነት ሠራተኛ ቢኖር በወር 450 ሺህ ብር ነው፣ ያውም ሁሉም ለከተማው ማዘጋጃ ቤት አይገባም። በዚህ ብር የውኃ መስመር፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ጤና ጣቢያና የመንገድ መብራት ለአሥር ሺዎች ይዘርጉ ማለት ቀልድ ነው። ሸክሙ ከተማው ላይ፣ የውጭ ምንዛሪው ፌዴራል ላይ። ከተማው ያተረፈው በጉሊት፣ በሱቅ፣ በኪራይና በባጃጅ የሚዘዋወረውን ብር ነው፣ እሱም ቀላል አይደለም ግን ማዘጋጃ ቤቱ ካዝና ውስጥ አይገባም።

መሬታቸው ለፓርኩና ለከተማው መስፋፋት የተወሰደባቸው ገበሬዎችም አሉ። ካሳ አንዴ ይሰጣል፣ ያልቃል። መሬቱ ግን በየዓመቱ ያበላ ነበር። ልጆቻቸው ፓርኩ ውስጥ ሥራ ሊያገኙ ይችላሉ፣ አባትየው በ50 ዓመቱ የስፌት ማሽን ላይ አይቀመጥም።

የተሞከሩ ነገሮች

የመጀመሪያው ምልመላው ራሱ ነው። ክልሉ በየወረዳው ሥራ ፈላጊ መዝግቦ፣ የትምህርት ደረጃና የእጅ ፍጥነት ፈትኖ፣ አጭር ስልጠና ሰጥቶ ወደ ፓርኩ የሚልክበት አሠራር ዘረጋ። ሰው በብዛት በማምጣት ረገድ ሠርቷል፣ ደላላንም በተወሰነ ደረጃ አስቀርቷል። ያልሠራው ሰው በማቆየት ነው። ቧንቧውን ሰፋ አድርገው ከፈቱት፣ ባልዲው ግን ቀዳዳ ነበር።

ሁለተኛው ፋብሪካዎቹ በየራሳቸው ያደረጉት ነው። ምሳ፣ ሰርቪስ፣ ሳትቀር ለገባች ቦነስ፣ ጥሩ ለሠራች ጭማሪ። ምሳው በእርግጥ ረድቷል፣ ለብዙዎቹ በቀን የሚበሉት ደህና ምግብ እሱ ነበር። ቦነሱ ላይ ግን ቅሬታ ነበር፣ አንድ ቀን ታማ ከቀረች የወሩ ሁሉ ይቀራል፣ ስለዚህ አሟት ትመጣለች።

ሦስተኛው ዶርም ነው። የሠራተኛ ዶርም ይሠራል የሚለው በተደጋጋሚ ተነስቷል፣ ውይይት ተደርጎበታል፣ ለሠራተኛው ቁጥር የሚበቃ ነገር ግን አልተሠራም። እዚህ ላይ አንድ የማይመች እውነት አለ፣ በ750 ብር ደሞዝ ላይ ተመሥርቶ ወጪውን የሚመልስ ቤት መሥራት አይቻልም። የግል አልሚ ለምን አልገባም ብሎ መገረም አያስፈልግም፣ ተከራይዋ መክፈል የምትችለው ኪራይ የሲሚንቶ ዋጋ አይመልስም። ወይ ደሞዙ መጨመር አለበት፣ ወይ አንድ ሰው ልዩነቱን መሙላት አለበት። ሦስተኛው መንገድ አራት ሆኖ አንድ ክፍል ነው፣ የሆነውም እሱ ነው።

እንደውም አብዛኛውን ቤት ያቀረበው ማንም ያላቀደው ሰው ነው፣ ተራው የሐዋሳ አከራይ። የቆርቆሮ ክፍሎቹን እየተሳደብን ብናልፋቸውም እነሱ ባይኖሩ ፓርኩ ሠራተኛ አያገኝም ነበር። ያመለጠው ዕድል እዚህ ጋ ይመስለኛል። ለእነዚህ አከራዮች አነስተኛ ብድር፣ ቀለል ያለ የግንባታ ፈቃድ፣ በምላሹ ደግሞ ሽንት ቤት፣ ውኃ፣ መስኮትና የተወሰነ የሰው ብዛት የሚል ግዴታ ቢኖር ኖሮ ከአንድ ትልቅ ዶርም ፕሮጀክት በፊት ብዙ ሺህ ክፍል በተሻለ ሁኔታ ይደርስ ነበር። ገንዘቡም እዛው ሰፈር ይቀር ነበር።

ሁለተኛው ምት፦ አንድ ገበያ፣ አንድ ዘርፍ

እስከ 2012 ድረስ ችግሩ ሁሉ እያለም ፓርኩ ከ30 ሺህ ሰው በላይ የሚሠራበት ደርሶ ነበር። ከዛ ኮቪድ መጣ። አሜሪካና አውሮፓ ሱቅ ዘጉ፣ ትዕዛዝ ተሰረዘ፣ ብዙ ሠራተኛ ቤት ተቀመጪ ተባለች። ኪራይ መክፈል ያልቻለችው ወደ ገጠር ተመለሰች፣ የአከራዩም ክፍል ባዶ ሆነ።

ከዛ ጦርነቱ። በጥቅምት 2014 አሜሪካ በጦርነቱ ምክንያት ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ሀገራት ዕቃቸውን ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲያስገቡ ከሚፈቅደው ሕግ፣ እንደምታስወጣ አስታወቀች፣ በዛው ሰሞን ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ተናገረ፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ደግሞ ከቀረጥ ነፃው ዕድል ተቋረጠ። ሌሎችም ተከተሉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከሥራ ወጡ። ጦርነቱ ሰሜን ነው፣ ሐዋሳ ደቡብ ናት፣ ውሳኔው ዋሽንግተን ነው። አንዲት የይርጋለም ልጅ ግን ሥራዋን ያጣችው በዚህ ነው።

ስለ አጎዋ ፖለቲካ እዚህ አልገባም። ለከተማ ፕላን የሚመለከተው ይሄ ነው፦ 52ቱም ሼድ ለአንድ ዘርፍ፣ ዘርፉ በአብዛኛው ለአንድ ሀገር ገበያ፣ ገበያው ደግሞ በየዓመቱ በሚገመገም አንድ የንግድ መብት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ጨርቁ ራሱ በብዛት ከውጭ ይመጣ ስለነበር ከአካባቢው ገበሬ፣ ከጥጥ አምራቹም ሆነ ከከተማው አነስተኛ ድርጅት ጋር ያለው ትስስር ቀጭን ነበር። ፓርኩ ሲያስነጥስ ከተማው ጉንፋን ያዘው፣ ፓርኩ ሲበላ ግን ከተማው አልጠገበም።

በዛው ጊዜ ሐዋሳ ሌላኛው እግሯም ተነክቷል። የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ኅዳር 2012 ተካሂዶ ሲዳማ በዛው ዓመት ማብቂያ ገደማ ክልል ሆነ፣ በኋላም በ2015 ማብቂያ የቀድሞው ደቡብ ክልል ፈርሶ ቢሮዎቹ ወደየአዲሶቹ ክልሎች ከተሞች ተበተኑ። የክልል መሆኑን ጥያቄ ሕዝቡ ወስኖታል፣ ያለቀ ነገር ነው። ግን ለትልቅ ክልል መቀመጫ ሆና የኖረች ከተማ የቢሮ ሠራተኛዋን በከፊል ስታጣና ፋብሪካዋም ሲቀዘቅዝ አንድ ላይ መሆኑ አለመታደል ነው።

ከዛ በኋላ ፓርኩ አልተዘጋም። በሮቹ ለሀገር ውስጥ አምራቾችም ተከፈቱ፣ ለሀገር ውስጥ ገበያ ማምረትም ተፈቀደ፣ በ2016 ደግሞ የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ወጥቶ ፓርኮቹ ከአንድ ዘርፍና ከኤክስፖርት ብቻ እንዲወጡ በር ከፈተ። ዩኒፎርም የሚሰፋ የሀገር ውስጥ ድርጅት እንደ ፒቪኤች ለዜና አይበቃም። ቢሆንም ዋሽንግተን ላይ በሚፈረም ወረቀት በአንድ ሌሊት ገበያውን አያጣም።

ለሌላ ከተማ የሚወሰድ

ኮምቦልቻ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጅማ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ሁሉም ተመሳሳይ ፓርክ አላቸው ወይ ተጀምሮላቸዋል። እዛ የምትሠሩ ካላችሁ ከሐዋሳ ብወስድ የምለው ይሄን ነው።

የሥራ ቁጥር ሲታወጅ በዛው ቀን የአልጋ ቁጥር ይጠየቅ። 20 ሺህ ሥራ ከተባለ ስንቱ ከከተማው ስንቱ ከውጭ ይመጣል፣ ከውጭ የሚመጣው በምን ያህል ደሞዝ ምን ያህል ኪራይ ይከፍላል፣ ይሄ አንድ ገጽ ሒሳብ ነው። ሒሳቡ ካልወጣ ሼዱን በምዕራፍ መክፈት ይቻላል፣ አሥሩን ከፍቶ ቤቱ ሲደርስ ቀጣዩን።

ለቤት ጉዳይ አንድ ስም ያለው ባለቤት ይኑር፣ ኮሚቴ አይደለም። የውኃ ማጣሪያው የተሳካው ስብሰባ ስለበዛበት አልነበረም።

ከተማው ከፓርኩ ቋሚ ገቢ ይኑረው። ከሼድ ኪራዩ ትንሽ መቶኛ ቀጥታ ለማዘጋጃ ቤቱ፣ ለተወሰነ ነገር ብቻ ማለትም ለመንገድ መብራት፣ ለውኃና ለጤና ጣቢያ እንዲውል ታስሮ ቢሰጥ፣ ኢንቨስተሩም የሚያጉረመርም አይመስለኝም፣ ሠራተኛ ሲለቅበት የሚያወጣው ወጪ ከዛ ይበልጣልና።

ሰርቪሱ ሰፈር ድረስ ይግባ፣ ቢያንስ ለማታ ፈረቃ። ርካሽ ነው፣ ከሁሉም ቀድሞ ሊደረግ የሚችለው እሱ ነው።

ሼዶቹ ከተቻለ ለሦስት አራት ዘርፍ ይከፋፈሉ። አንድ መልሕቅ ኩባንያ ማምጣቱ ለጅምሩ ጥሩ ነው፣ ሐዋሳም ያለ እሱ በዛ ፍጥነት አይሞላም ነበር። ግን ከሦስተኛው ዓመት በኋላ እሱ ቢወጣ ስንት ሰው ሥራ ያጣል፣ ስንቱን ሌላው ሼድ ይወስዳል የሚለው በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። በአካባቢው የሚመረት ነገር የሚያቀነባብር ካለ ቅድሚያ ይሰጠው፣ ቡና ይሁን ፍራፍሬ ይሁን ቆዳ፣ ምክንያቱም እንደዛ ሲሆን መሬቱን ያልለቀቀው ገበሬም ከፓርኩ ጋር ይተሳሰራል።

አከራዮቹን ደግሞ ከፕላኑ ውጭ አድርጎ ማሰብ ይቅር። መዝግቧቸው፣ አበድሯቸው፣ ተቆጣጠሯቸው። ማዘጋጃ ቤቱ ቢፈልግም ባይፈልግም ክፍሉን የሚሠሩት እነሱ ናቸው።